አሥር ቀን የቀደመ ስልክ

ባለፈው ሳምንት ወደ ሳጉሬ ስሄድ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ጎማዋ ተነፈሰና ከአሰላ መውጫ ላይ ካለ ጎሚስታ ዘንድ ቆምን። ክረምቱ ገና እየወጣ ስለነበረ መሬቱ አልጠጠረም። ጎሚስታው ጭቃውን በእግሩ ገፋ ገፋ አድርጎ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጠኝ። አጠገቤ ከኦጎልቾ በኩል የመጣ ወጣት ገበሬ የሞተር ብስክሌቱን ጎማ እያስለጠፈ የተጠበሰ በቆሎ ይግጣል። ከመሐል ሰብሮ ግማሹን ለእኔ ሰጠኝ። ጎን ለጎን እየፈለፈልን ሳለ ስልኩ እንደ ወፍ ጮኸ።

«አንሣው እንጂ፣ ሰው ይፈልግሃል» አልኩት።

«ሰው አይደለም አባባ፤ ላሜ ናት» አለና ሳቀ። «ልትወልድ አሥራ አንድ ቀን ቀራት እያለኝ ነው።»

ጎሚስታው ከተንበረከከበት ቀና ብሎ፣ «ሚስቴ ልትቆጣ ስንት ሰዓት እንደቀራት የሚነግረኝም ካለ ጫንልኝ» አለው።

ሁለቱም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ በቆሎውን ግን አልጨረስኩትም። ባጃጇ ተጠግና ሳጉሬ እስክንገባ ድረስ ሾፌሩ የሚያወራኝን አንዱንም አልሰማሁትም።

ሰው ትዝታውን ሲጽፍ ከወጣትነቱ ይጀምራል። እኔም የምጽፈው የወጣትነቴን ነው፤ ብቻ የእኔ ወጣትነት ዘግይቶ ነው የመጣው። በዕድሜ ጎረምሳ በነበርኩ ጊዜ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ የከብት ማዳቀያ ጣቢያ ዘበኛ ሆኜ ነበር። ከዚያ ዘመን የማስታውሰው ብርዱን ብቻ ነው። ልቤ እንደ ጎረምሳ የመታው ዐርባን ካለፍኩ በኋላ፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ፊት ስቀመጥ ነው።

ጣቢያው ውስጥ የውጭ ሰዎች ትተውት የሄዱት አንድ ኮምፒውተር ነበር። ጨርቅ ለብሶ ጥግ ተቀምጧል፤ ማንም አይነካውም። ያን ጊዜ ከዘበኝነት ወደ መዝገብ ቤት አዛውረውኝ የተዳቀሉትን ላሞች ስም በትልቅ ደብተር እጽፍ ነበር። አንድ ቀን ጨርቁን ገለጥኩት። አብሮት የነበረውን ወፍራም መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ አንዳንዱን ገጽ በሳምንት፣ አንዳንዱን በወር እየጨረስኩ፣ በሦስተኛው ዓመት አንድ ፕሮግራም ጻፍኩ። ፕሮግራም ማለት ለማሽን የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ ይህ ሲሆን እንዲህ አድርግ፣ ያ ሲሆን ደግሞ እንዲያ እያሉ ረድፍ በረድፍ መንገር። የእኔው ሥራው አንድ ብቻ ነበር። ላሟ የተዳቀለችበትን ቀን ሲሰጡት የምትወልድበትን ቀን አስልቶ ካርድ ላይ ያትማል። የመጀመሪያዋ ካርድ ከማተሚያው ስትወጣ አዳራሹ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ ቆሜ አጨበጨብኩ።

በኋላ ከጣቢያው ስወጣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ገዛሁና አሰላ ገበያው አጠገብ ጠባብ ቤት ተከራየሁ። በገበያ ቀን ከሲሬ፣ ከአርቦዬ ሳይቀር ገበሬ ይመጣል። ከፊቴ ተቀምጦ የላሙን ስም ይነግረኛል፤ ቡሬ፣ መጋላ፣ ዳለቻ። አንዳንዱ ማሽኑ ሲበራ ባርኔጣውን ያወልቅ ነበር። ያመጡልኝን ጭኮ እየቆረስኩ፣ ጣቴ ላይ ያለውን ቅቤ በሱሪዬ እየጠረግሁ እጽፍ ነበር። ኪቦርዱ እስከ ዛሬ ቅቤ ቅቤ ይሸታል።

እዚህ ላይ ብዙ ዓመት የደበቅሁትን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ኮምፒውተር ሲሠራ የፈረንጅ ቀን ይዞ ነው የሚሠራው። እኔ ደግሞ የፈረንጅ ቀን ቆጥሬ አላውቅም፤ ገበሬውም አይቆጥርም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ማሽኑን ስከፍት ቀኑን በእጄ እለውጥለታለሁ። መስከረምን አንደኛ ወር፣ ጥቅምትን ሁለተኛ ወር፣ ዓመቱንም የእኛኑ ዓመተ ምሕረት። ማሽኑ ያምነኛል። ከዚያች ጠባብ ቤት ወጥቶ ማንን ሊጠይቅ ነው? ሁለተኛው ወር ለእሱ ሃያ ስምንት ቀን ብቻ ስለሆነ ጥቅምት ሃያ ዘጠኝና ሠላሳን አይቀበለኝም፤ የእነዚያን ሁለት ቀናት ላሞች ወረቀት ላይ ጽፌ ኅዳር አንድ ቀን አስገባቸዋለሁ። ዐሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ስለማያውቅ ደግሞ ጳጉሜን ሙሉውን አጠፋዋለሁ። ፎጣ አልብሼው ጠበል እሄዳለሁ። ጎረቤቶቼ «የጌታሁን ኮምፒውተር ጳጉሜን ትጾማለች» ይሉ ነበር። ስሌቱ ሁለት ሦስት ቀን ይዛነፋል፤ ላም ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ብትቀድም ብትዘገይ የሚከሳት የለም። እኔና ማሽኑ እንዲህ ተስማምተን ኖርን።

ከዚያ በጣት የሚዳሰሰው ስልክ መጣ። መጀመሪያ የነጋዴ ልጆች ያዙት፣ ቀጥሎ የባጃጅ ሾፌሮች። አንድ ጠዋት ከገጠር የመጣ ሽማግሌ የጫማውን ጭቃ ደጄ ላይ እየጠረገ ከደረት ኪሱ ሲያወጣው አየሁ። ካርድ የሚያሳትመው ሰው እየሳሳ ሄደ።

አዴ ፋጡማ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። እኛ አገር ሴትን ስናከብር አዴ፣ ወንድን ደግሞ ኦቦ እንላለን። ባሏ የሞተባት፣ ከጭላሎ ተራራ ሥር የምትኖር፣ በየጠዋቱ ወተት ይዛ ወርዳ ለሻይ ቤቶች የምታከፋፍል ሴት ናት። ያላት አንድ ላም ነው፤ ግማሽ የፈረንጅ ዘር ያላት፣ ቢፍቱ የምትባል። አዴ ፋጡማ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ስለሆነ አማርኛዋ ውስጥ «እርስዎ» የሚባል የለም፤ ለሁሉም አንተ ነው፤ አክብሮቱን በድምጿ ታስገባዋለች።

ጠረጴዛዬ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ስልክ አስቀመጠች።

«ኦቦ ጌታሁን፣ ይሄን ልጄ ከዐረብ አገር ላከችው። ከልጄ ጋር ፊት ለፊት ያገናኘኛል። ከላሜም ጋር አገናኘኝ።»

«ካርድ ሰጥቼሽ የለም እንዴ፣ አዴ?»

«ያንተን ካርድ ዝናብ በላው። ያለፈውን ደግሞ በግ በላው።»

ሳቅን። ነገሩ ግን የሳቅ አልነበረም። ቢፍቱ አጭር ላም ናት፤ ያዳቀሏት ደግሞ በትልቅ ኮርማ ዘር ነው። ባለፈው ስትወልድ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለሙ በሰዓቱ ባይደርስ ኖሮ እሷም ጥጃዋም አይተርፉም ነበር። ሲሄድም ለአዴ ፋጡማ፣ «በሚቀጥለው አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው የምጠብቃት፤ አንቺ ቀኑን ብቻ ንገሪኝ» ብሏት ነበር። አሁን ቢፍቱ ደግሞ አርግዛለች። ቀኑን ማወቅ ማለት ለአዴ ፋጡማ ቢፍቱን ማትረፍ ማለት ነበር።

«እሠራልሻለሁ» አልኳት። እንዴት እንደምሠራው ግን አላውቅም ነበር።

ያስተማረችኝ ሐና ናት። አባቷ መምህር፣ በሃይማኖት ጴንጤ፣ ከእኔ ቤት ሦስተኛው ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ሐና የኮምፒውተር ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ እየጠበቀች ነበርና ከሰዓት በኋላ ላፕቶፗን ይዛ ትመጣልኝ ጀመር። በጋ ነበር፤ የገብስ ገለባ ከየአውድማው እየተነሣ እስከ ከተማው ድረስ ይበናል፤ በየሰዓቱ የላፕቶፑን ፊት በነጠላዋ ትጠርጋለች።

«ጋሼ፣ ያንን ይርሱት» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን ወደ አሮጌው ማሽን እያሳየችኝ። «እዚያ ላይ እርስዎ ባለቤት ነዎት። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይጠብቅዎታል። ስልክ ላይ ግን እንግዳ ነዎት።»

«እንዴት ነው እንግዳ የምሆነው?»

«ፕሮግራምዎ እየሠራ ሳለ ሰውየው ይደወልለታል። ስልኩ የእርስዎን ዘግቶ ጥሪውን ያስቀድማል። ባትሪ ሲያልቅበት ይገድልዎታል። ሰውየው ቆሞ አያነብም፤ እየሄደ ነው፣ ጣቱ ጭቃ ነው፣ ፀሐይ ዓይኑን ወግታዋለች። ባለቤቱ ስልኩ ነው፤ እርስዎ ሲፈቀድልዎ ነው የሚናገሩት።»

ይህን ነገር ለመቀበል ሁለት ወር ፈጀብኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ትእዛዝ ሰጪ ነበርኩ፤ አሁን ፈቃድ ጠያቂ ሆንኩ። ለማስጮህ ፈቃድ፣ ለማስታወስ ፈቃድ። አንዱን ነገር ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። የሠራሁት ቁልፍ ለሐና ቀጭን ጣት እሺ ይላል፣ ለእኔ ጣት እምቢ ይላል። ሐና ግን ትዕግሥተኛ ነበረች። ያነበብኩት ሳይገባኝ አንገቴን ነቅነቅ ሳደርግ ታውቅብኝና፣ «ጋሼ፣ አንገትዎ ገብቶታል፤ ራስዎስ?» ትለኛለች።

አንድ ቀን የላሞቹን መዝገብ ከአሮጌው ማሽን ወደ ስልኩ እያሻገርን ሳለ እጇን አቆመች።

«ጋሼ፣ ፕሮግራምዎ የዛሬን ቀን ከየት ነው የሚወስደው?»

«ከማሽኑ።»

«ማሽኑማ የፈረንጅ ነው የሚይዘው። ወደ እኛ የሚለውጠው የቱ ጋ ነው? አላየሁትም።»

ፊቴ እሳት ሆነ። በዚያች በተማረች ልጅ ፊት፣ «መለወጫ የለም፤ እኔ ነኝ በየጠዋቱ የምዋሸው» ማለት ከበደኝ። ሁሉም ሰው ብልህ ነው የሚለኝ በዚያ ማሽን ምክንያት ነው። ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው መሆኔን ያስረሳኝ እሱ ነው።

«አለ» አልኳት። «እሱን እኔ ራሴ አስገባዋለሁ። አንቺ ሌላውን ሥሪ።»

«ስልክ ቀኑን ከኔትወርክ ነው የሚወስደው፤ አይታለልም እሺ?» አለች እንደ ዋዛ። ከዚያም ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

መጋቢት ላይ አዲስ አበባ ሥራ አገኘች። ስትሰናበተኝ፣ «ለሰው ከመስጠትዎ በፊት ይደውሉልኝ፤ አብረን እንፈትሸዋለን» አለችኝ። እሺ አልኩ። አልደወልኩም።

መለወጫውን ብቻዬን ሠራሁት። ሁላችንም በልጅነታችን የተማርነው ነው፤ መስከረም ሴፕቴምበር፣ ጥቅምት ኦክቶበር፣ ኅዳር ኖቬምበር። ወሩን በወር ተካሁት፤ ዓመቱ ላይ ሰባት፣ ከጥር ወዲያ ስምንት ጨመርኩ። ቀኑን እንዳለ ተውኩት። ጥቅምት አምስት የሆነው ኦክቶበር አምስት ሆነ። ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ ከእያንዳንዱ ቀን ሥር ትንሽ የፈረንጅ ቁጥር ነበረው፤ መነጽሬን አድርጌ ቀረብ ብል የሁለቱ ቁጥር እኩል እንዳልሆነ አየው ነበር። አልቀረብኩም። ስልኩ ላይ ደግሞ ቀን የሚባል አላሳይም ብዬ ነበር፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንዲገባው የቀረውን ቀን ብቻ በትልቅ ቁጥር አደረግሁት። ለአዴ ፋጡማ ስልኳ ላይ ጫንኩላት፤ በራሴም ስልክ ላይ በየጠዋቱ ቁጥሩ በአንድ ሲቀንስ እያየሁ እንደ ሕፃን እደሰት ነበር።

ሐምሌ ገባ። የእኛን አገር ሐምሌ ላላየ ሰው መንገር ይቸግራል። ጭላሎ ለሳምንታት አይታይም። ጉም ከተራራው ወርዶ ከተማው መሐል ይተኛል፤ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ከፊትህ ብቅ የሚለው ቃጭሉን ከሰማህ በኋላ ነው። ሐምሌ አሥር ጠዋት አዴ ፋጡማ የወተት ጄሪካኗን ይዛ፣ ከእግር እስከ ራሷ ርሳ ገባች። ስልኩን ከፌስታሉ አወጣች። ሦስት ይላል።

«ጮኸ» አለችኝ።

ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። እዚያው ሆኜ ለዶክተር ዓለሙ ደወልኩ። በዚያ ሳምንት ለክትባት አርቦዬ ሊሄድ ቀጠሮ ነበረው። «ለቢፍቱ ቃል ገብቻለሁ» አለና ጉዞውን ወደ ሃያ ሁለት አስተላለፈው።

በሚካኤል ዕለት በሞተሩ ጀርባ አፈናጦኝ ወጣን። ጭቃው ጎማውን እየያዘው ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። አዴ ፋጡማ ትኩስ የገብስ ገንፎ በቅቤ አቀረበችልን፤ ዶክተሩ ግን ሳይቀምስ በረት ገባ። ቢፍቱን ከኋላ ዳሰሳት፣ ጡቷን በመዳፉ መዘነው።

«ይቺ ላም ገና ናት» አለ። «ጡቷ አልተወጠረም፤ ጅማቷ አልላላም። ማነው ደረሰች ያለው?»

«ስልኩ ነው» አልኩ።

«የተዳቀለችው መቼ ነው?»

ስልኩን አሳየሁት። አንድ ይላል። ቀኑን በቃሌ አላውቀውም፤ ስንት መቶ ላም ነው የምጽፈው። ካርዷም የለም።

«ይሄ ቁጥር ነው እንጂ ቀን አይደለም፣ ጌታሁን።»

«ማሽን ነው ዶክተር፤ አይሳሳትም።»

«እንግዲያው ስልኩን አዋልደዋ!» አለ፤ አጠገባችን የቆሙት ጎረቤቶች ሁሉ ሳቁ። አዴ ፋጡማ አልሳቀችም። የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተችና እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ያልተነካውን ገንፎ ልትከድን ተመለሰች።

ዶክተሩ እስከ ማግስቱ ጠበቀ። ስልኩ ዜሮ አለ፤ ቢፍቱ ሣሯን ታመነዥካለች። ተመለስን። ቤቴ ገብቼ አሮጌውን ማሽን ከፍቼ ማየት እችል ነበር። አላደረግሁም። አሮጌውን ጠይቄ አዲሱን ማሳፈር አልፈለግሁም።

በጊዮርጊስ፣ ሐምሌ ሃያ ሦስት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ስልኬ ጠራ።

«ኦቦ ጌታሁን፣ ውሃው ፈሰሰ። አንድ እግር ብቻ ነው የወጣው። ሌላው የለም።»

ዶክተር ዓለሙ አርቦዬ ነበር። ስደውልለት ድምፁን ሳይለውጥ፣ «ሞተሬን አስነሥቻለሁ፤ መንገዱ ግን ከአራት ሰዓት በታች አያስመጣኝም። አንተ ሂድ፤ ደርሰህ ደውልልኝ» አለ። የማውቀውን ባጃጅ ለምኜ እስከሚወጣበት ወጣሁ፤ የቀረውን በእግሬ።

በረቱ ውስጥ ቢፍቱ ተኝታለች። ወንዶች ገመድ ይዘው ቆመዋል። በአዴ ፋጡማ ስልክ ደወልንና ድምፁን ከፍ አድርጌ ለአንድ ልጅ አስያዝኩት።

«እንዳትጎትቱ!» ይላል ዶክተሩ፤ ሞተሩን የሆነ ቦታ አቁሞ፣ ዝናቡ ከጀርባው ይሰማል። «ሌላው እግር ወደ ውስጥ ታጥፏል። እጅህን በሳሙና ታጠብ ጌታሁን። ጥጃውን ወደ ውስጥ ግፋው፣ ከዚያ ጉልበቱን ፈልግ...»

እጄን አስገባሁ። ሞቃት ነበር፤ ያን ያህል የሚሞቅ አልመሰለኝም ነበር። እሷ ስታምጥ ክንዴን ትጨፈልቀዋለች። ጉልበት ይሁን ግንባር አላወቅሁም። ሃያ ዓመት የእነዚህን ላሞች ወሊድ ሳሰላ ኖሬ አንዲት ላም ስትወልድ ቆሜ አይቼ አላውቅም ነበር። ኔትወርኩ ይቋረጣል። በተቋረጠ ቁጥር የጥሪው መስኮት ይጠፋና የእኔ ሥራ ብቅ ይላል። ከዜሮ በታች አሥር። ደግመን እንደውላለን፣ ይቋረጣል፣ ደግሞ ከዜሮ በታች አሥር። ስልኩን የያዘው ልጅ፣ «ይሄ ምንድነው የሚለው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ደግመህ ደውል» አልኩት።

በመጨረሻ አንድ ጎረቤት ሽማግሌ ገፋ አደረጉኝና እሳቸው እጃቸውን አስገቡ። ብዙ ቆይተው እግሩን አገኙት፤ ወንዶቹ ጎተቱ። ጥጃዋ ወጣች። እንስት ነበረች፤ አዴ ፋጡማ ስትመኛት የኖረችው። አፍንጫዋን ጠረጉ፣ በገለባ አሿት፣ በእግሯ አንጠለጠሏት። አልተነፈሰችም።

ዶክተር ዓለሙ አመሻሽ ላይ ጭቃ ሆኖ ደረሰ። ቢፍቱን መርፌ ወጋት፣ በሦስተኛው ቀን ቆመች። ለእኔ ያን ማታ የእጅ መታጠቢያ ሳሙናውን ብቻ አቀበለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የእኛ አገር ደም ያለባት ላም ጥጃዋን ካላየች ወተቷን ትይዛለች፤ ቢፍቱም ያዘች። አዴ ፋጡማ እያሻሸች፣ ጨው እያስላሰች፣ በኦሮምኛ እየዘፈነችላት ለመነቻት። በነሐሴ ነጠፈች። አዴ ፋጡማን ጄሪካኗን ይዛ ስትወርድ ማየት ቀረ፤ ቢፍቱም ሳጉሬ ገበያ ተሸጠች።

ከዚያ በኋላ ነው አሮጌውን ማሽን የከፈትኩት። የቢፍቱን ስም ጻፍኩ። የተዳቀለችው ጥቅምት አሥር፤ የምትወልደው ሐምሌ ሃያ አለኝ። ያ በየጠዋቱ የምዋሸው ማሽን የሳተው ሦስት ቀን ብቻ ነበር።

ለሐና ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ምነው ያኔ ቢነግሩኝ? የግማሽ ቀን ሥራ ነበርኮ» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። የግማሽ ቀን ሥራ።

መስከረም ላይ፣ የገብሱ ማሳ አረንጓዴ ሆኖ ነፋሱ እንደ ውሃ በሚያስተኛው ጊዜ፣ በእግሬ ወደ አዴ ፋጡማ ወጣሁ። ደጇ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ከፊቷ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ቀኑን እንዴት እንደዋሸሁ፣ ልጅቷ ስትጠይቀኝ እንዴት እንዳፈርኩ፣ ወሩን በወር ስተካ አሥር ቀን እንዴት እንደጎደለ። ቢላዋዋን ሳታቆም ሰማችኝ።

«እኔ አውቅ ነበር» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ቀኑን። እኛ በጨረቃ ነው የምንቆጥረው፣ ኦቦ ጌታሁን። ዘጠኝ ጨረቃ፣ ከዚያ የአሥረኛው ሙሉ ሆና መጉደል ስትጀምር። እናቴም እንዲህ ነው የቆጠረችው። ስልኩ ሲጮህ ጨረቃዋ ገና ግማሽ አልሞላችም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? ዶክተሩ ፊት፣ ለምን?»

ድንቹን ውሃ ውስጥ ጣለችው።

«አንተ እንደዚያ ደስ ብሎህ መጣህ። ማሽን ነው፣ አይሳሳትም አልክ። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት። ጨረቃዋን የተሳሳትኩ እኔ መሰለኝ።» ጣቷን ወደ ሰማይ አነሣችና፣ «ረቢ ያውቃል፤ ተወው» አለች። ከቅቅሉ ድንች በሚጥሚጣ ሰጠችኝ። በላሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ይህ ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ አለፈው። ቤቱን ለቀቅሁ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር ፕሮግራም ጽፌ አላውቅም። ሰው ግን ስሜን አልረሳም። አሁንም ስልክ ይዘው ይመጡብኛል፤ ላም ያለው፣ ዶሮ ያለው፣ ስንዴ የሚዘራ። «አባባ፣ ይሄ ዝናብ ማክሰኞ ይላል፤ እውነት ነው?» ይሉኛል። እነዚህን የሚሠሩት ከእኔ በብዙ የተሻሉ ልጆች ናቸው። ሳይዋሹ ነው የሚሠሩት፤ ምናልባት ሁሉም ልክ ነው። እኔ በምን አውቃለሁ?

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃቸዋለሁ። «ስልኩን ከማየትህ በፊት አንተ ራስህ መቼ ነው ብለህ ነበር?» እላለሁ። ትልልቆቹ ትንሽ ያስባሉ፣ ሰማይ ያያሉ፣ አንድ ቀን ይጠሩልኛል። ያን ጊዜ፣ «እሱንም ለሐኪሙ ንገረው፣ ሁለቱንም ንገረው» እላቸዋለሁ። ወጣቶቹ ግን ጥያቄው አይገባቸውም። «እኔማ ምን ብዬ አውቀዋለሁ አባባ?» ብለው ስልኩን ወደ እጄ ይገፉታል። እኔም ተቀብዬ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ የበራውን ቁጥር አየዋለሁ።